ከአሰላ ናይሮቢ፦ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይዤ የሰነበትኩበት ሳምንት

ናይሮቢ ሄጄ አንበሳ አላየሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ስለሆነ ነው። ያየሁት የሐኪም ቤት ኮሪደር፣ የአንዲት ዘመዳችንን ሳሎንና የታክሲ የኋላ ወንበር ነው። ቢሆንም በስልሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ከዚያ ሳምንት የበለጠ የተማርኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ግርማ እባላለሁ። አሰላ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት የቀኝ እጄ አውራ ጣት በራሷ ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ መሆኑን ነገረኝና ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑ ለብዙ ዓመት እንደ ተአምር ሠራ። ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። በሽታው እየገፋ ሲሄድ የክኒኑ ጉልበት ቶሎ ቶሎ ያልቅብኝ ጀመር። ሲሠራ እራመዳለሁ፤ ሲያልቅ በቆምኩበት እደርቃለሁ። አንዳንድ ቀን ጭራሹን ሳይሠራ ይቀራል። በሌላ ቀን ደግሞ ሰውነቴ ያለ ፈቃዴ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ሸምበቆ ይሆናል። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ጡረታዬን ለመቀበል ካልሆነ በቀር ከቤት መውጣት ተውኩ።

ልጃችን ናትናኤል ህንድ አገር ለዚህ በሽታ የአንጎል ቀዶ ጥገና እንዳለ ሰምቶ "እዚያ ነው የምወስድህ" አለ። ባለቤቴ ታደለች ጭንቅላቱ ሊከፈት ነው ስትባል እንቅልፍ አጣች። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ፈልጌው ነበር። ከተቀመጥኩበት ወንበር የሚያስነሳኝ ከሆነ ምንም ይሁን ምን አልኩ። ቤታችን በዚህ ተከፍሎ ሳለ ነው ናይሮቢ የምትኖረው የታደለች የአክስት ልጅ ሰናይት የደወለችው።

"ከህንድ በፊት እዚህ አንዲት የነርቭ ሐኪም ትያቸው" አለች። "የምግብ ቤቴን ደንበኛ እናት ያከመች ናት። አንድ ሳምንት ብቻ። ከዚያ ህንድም ቢሆን ትሄዳላችሁ።"

እሁድ

ሐምሌ ነበርና ከአሰላ የወጣነው በጭጋግና በዝናብ ነው። ታዱ (ታደለችን እንዲህ ነው የምጠራት) በቅቤ የታሸ ጩኮ፣ ቆሎና አንድ ፔርሙስ ትኩስ ወተት ይዛለች። ወተቱ ለእኔ ነው። ክኒኔን ሁልጊዜ በወተት ነው የምትሰጠኝ፤ "ባዶ ሆድ ላይ መድኃኒት ይጎዳል" ትላለች።

ቦሌ ደርሰን የፍተሻው በር ጋ እግሬ ተተከለ። ጠባብ በር ጠላቴ ነው። ፈታሹ "ይለፉ አባት" ይላል፤ እኔ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ እግሬ ግን መሬቱ ላይ እንደ ተሰፋ ሆኗል። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። ፈታሹ እምቢ ያልኩት መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። ታዱ "ታሞ ነው ወንድሜ!" ስትለው ደንግጦ ራሱ ጎማ ያለው ወንበር ገፍቶ አመጣልኝ። አልቀመጥም አልኩ። "ግርማ፣ አውሮፕላኑ አንተን አይጠብቅም፤ ተቀመጥ" አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ናይሮቢ ስንደርስ የፓስፖርት መስኮቱ ላይ አሻራ ስጡ አሉን። ጣቴ መሣሪያው ላይ አልረጋ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከርን። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መኮንኗ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ዞራ መጥታ፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ መስታወቱ ላይ ጫን አደረገችልኝ። "ፖሌ፣ ባባ" አለችኝ። ፖሌ እዚያ ሳምንቱን ሙሉ የሰማሁት ቃል ነው። "ይቅርታ"ም ነው፣ "አይዞህ"ም ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መናገር መቻላቸው ደስ አለኝ።

ሰናይት የላከችው ምዋንጊ የሚባል የታክሲ ሾፌር ውጭ ጠበቀን። መሪው በቀኝ በኩል፣ መኪናው ሁሉ በግራ ነው የሚሄደው። ታዱ አንድ የጭነት መኪና ፊት ለፊት የመጣብን በመሰላት ቁጥር ታማትባለች። በኢምባካሲ ሠፈር መጋዘኖች መካከል ስናልፍ ብርዱ በመስኮት ገባ። ለተማሪዎቼ "ናይሮቢ ደጋማ ናት" እያልኩ አስተምሬ ሳበቃ ሹራቤን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ሐምሌ እዚያም እንደ አሰላ ነው፤ የጎደለው ዝናቡ ብቻ ነው።

ሰናይት ኪሊማኒ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ስንደርስ ሊፍቱ ቆሟል። እጇን ራሷ ላይ ጭና "ወይኔ ጋሽ ግርማ፣ በምን ላውጣዎት!" አለች። እኔ ግን ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጣሁት። ማንም አያምነኝም እንጂ ደረጃ አያስቸግረኝም፤ እያንዳንዷ ደረጃ እግሬን የምትጠራው ይመስለኛል። ላይ ከደረስን በኋላ ነው ለጥ ባለው የሳሎኗ ምንጣፍ ላይ ደርቄ የቀረሁት። ሰናይት ግራ ገብቷት አንዴ ደረጃውን፣ አንዴ ምንጣፉን ታያለች። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ምንጣፉን ጠቅልላ መኝታ ቤት ወረወረችው። ሳምንቱን ሙሉ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ኖሩልኝ።

ሰኞ

ሰናይት ሁርሊንግሃም ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ለክብራችን ጥብስ አሠርታ፣ ጎመንና አይብ ጨምራ ጋበዘችን። እንጀራው ከአሰላው ትንሽ መረር ይላል፤ ሆኖም ከልብ የተጋገረ ነው። ሻይ ስጠይቅ በወተት የፈላ መጣ። እዚያ ሻይ ማለት እሱ ነው፤ ያለ ወተት ከፈለግህ ለይተህ ትናገራለህ። ታዱ ደስ አላትና የምሳ ክኒኔን በእሱ ሰጠችኝ።

ክኒኑ አልሠራም። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ምሳ ሰዓቱ አልፎ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ከወንበሬ መነሣት አቅቶኛል። ፊቴም ይደርቃልና የተቆጣሁ ነው የሚመስለው። ሰናይት አጠገቤ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ስለ ናይሮቢ ኑሮዋ ታወራኝ ጀመር። ለጠየቃት ሁሉ "እንግዳዬ ቤቱን ወደውት ነው" ትላለች።

ታዱ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ እጄን ወደ ኮት ኪሴ ሰደድኩ። እዚያ አንዲት የጠመኔ ካርቶን አለች። በውስጧ ታዱ የማታውቃቸው ክኒኖች አሉ። ከዓመት በላይ ይሆነኛል፣ ጡረታዬን ልቀበል ስወጣ ለብቻዬ እየገዛሁ፣ መድኃኒቱ ባልሠራልኝ ቁጥር ደብቄ እጨምር ነበር። ያን ዕለትም ጨመርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሣሁ፤ ግን ትከሻዬ፣ አንገቴ፣ እግሬ ሁሉ መወዛወዝ ጀመረ። በር ላይ የነበረ አንድ ሰው "ሽማግሌው ጠጥተዋል?" ሲል ሰማሁት። ሰናይት መልስ ስትሰጠውም ሰማሁ፤ የሰጠችውን መልስ ግን እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ

ሐኪሟ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ኬንያዊት ናት። መምህር እንደነበርኩ ስነግራት "እንግዲያው ምዋሊሙ ልበልዎ" አለችኝ፤ በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው። በሽታህ ምንድን ነው ብላ አልጀመረችም። "ትናንት ከነቁበት እስከተኙበት ያለውን ሰዓት በሰዓት ይንገሩኝ" አለች። በእንግሊዝኛ ነበር የምናወራው። ታዱ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እኔ እተረጉምላት ነበር፤ ሰናይትም ከጎናችን ተቀምጣለች።

"በቀን ስንት ክኒን ይወስዳሉ?"

"ሦስት።"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "ምዋሊሙ፣ የነገሩኝ ዓይነት መወዛወዝ ከሦስት ክኒን የሚመጣ አይመስለኝም። ለማንም ሳይናገሩ የሚጨምሩት አለ? ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አልቆጣም።"

"ምን አለች?" አለች ታዱ።

"ሦስት መሆኑን ባለቤትዎ ያረጋግጣሉ ወይ ነው የምትለው" አልኳት።

"አዎ እንጂ! እኔው ነኝ በእጄ የምሰጠው!" አለች ታዱ ቀና ብላ። ያን ኩራቷን ሳይ አፈርኩ፤ ግን ወደ ሐኪሟ ዞሬ "ሦስት ነው ትላለች" ልል አፌን ከፈትኩ። ሰናይት ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

"ጋሼ" አለች በቀስታ፣ በአማርኛ፣ "እንደዚያ አይደለም ያለችው።"

ታዱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰናይትን ታያለች። የጠመኔዋን ካርቶን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሚንቀጠቀጥ እጅ ስለሆነ ያስቀመጥኩት ክኒኖቹ ውስጡ ተንጫጩ። ታዱ ከፍታ አየች። ቆጠረች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ሐኪሟ ጊዜ ሰጠችንና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ክኒኑን ከምን ጋር ነው የሚውጡት? አሁን በትክክል ተረጎምኩ። ታዱ "በወተት፤ ከእንቁላል ወይ ከሥጋ ጋር፤ እንዲበረታ ብዬ" አለች።

"በዓመት ውስጥ ደህና የሚሆኑበት ጊዜ አለ?"

ይህን ስተረጉምላት የታዱ ፊት በራ። "በጾም!" አለች። "ሁዳዴ ሲገባ ሁልጊዜ ይሻለው ነበር። እኔ የጸሎቱ ኃይል ነው እል ነበር። ዘንድሮ ግን የንስሐ አባታችን ታማሚ ነህ ብለው ከጾም ፈቱት። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የባሰበት።"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "የጸሎቱን ነገር ለእናንተ እተወዋለሁ፤ የወተቱን ግን ላስረዳችሁ" አለች። ይህ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው በወተት፣ በሥጋና በእንቁላል ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሚገባበት በር ነው። አንድ ላይ ሲመጡ በሩ ላይ ይጋፋሉ። ክኒኑ ተገፍቶ ውጭ ይቀራል፤ ወይ ዘግይቶ ይገባል። እኔ ደግሞ አልሠራም ብዬ እደርብበታለሁ። በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባ እወዛወዛለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ብዙ አይታወቅም፤ በሽታው ሲገፋ ነው ሰዓቱም ምግቡም የሚያስቸግረው።

"ይህን ማንም አልነገራችሁም?" አለች።

ተነግሮን ይሆናል። አዲስ አበባ ስንሄድ ወረፋው ረጅም ነው፤ እኔም "ደህና ነኝ" ብዬ ቶሎ መውጣት ነበር የምፈልገው።

ለሐሙስ ጠዋት ቀጠረችን። ረቡዕ ማታ የመጨረሻውን ክኒን ወስጄ ሐሙስ ምንም ሳልውጥ እንድመጣ፣ ያለ መድኃኒት እንዴት እንደምሆን አይታ ከዚያ እዚያው እንደምትሰጠኝ ነገረችኝ። "በራስዎ ሥልጣን ግን በፍጹም እንዳያቋርጡት፤ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው" አለች።

ረቡዕ

ታዱ እስከ ከሰዓት በኋላ አላናገረችኝም። ሰናይት ወደ ሥራ ሄዳለች። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የማታቱ ጥሩምባና የረዳቱን ጩኸት እንሰማ ነበር። ማታቱ ማለት የእነሱ ሚኒባስ ነው፤ ጩኸቱ የአገራችንን "አዳማ! አዳማ!" ያስታውሳል።

"ለምን ደበቅከኝ?" አለች በመጨረሻ።

"ሦስት ነው የታዘዘው ብለሽ ትቆጭኛለሽ ብዬ።"

"እቆጣ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እኔስ?" አለች። "ልጄን እንደማሳድግ ወተት ሳጠጣህ ከርሜ። ያሰርኩህ እኔ ነኝ፣ ግርማ። በገዛ እጄ።" ማልቀስ ጀመረች። ላቅፋት ፈለግሁ፤ ያ ሰዓት ግን ሰውነቴ የማይታዘዝበት ሰዓት ነበር። "ታዱ፣ መምጣት አልቻልኩምና አንቺ ነይ" አልኳት። ወንበሯን ጎትታ መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ትከሻዬ ይንቀጠቀጥ ነበርና ለቅሶዋ ወደ ሳቅ ተቀየረ። "እንደ ማታቱ ታንቀጠቅጠኛለህ" አለችኝ። በዚያ ታረቅን።

ሐሙስ

ምዋንጊ "ሳ ሞጃ እመጣለሁ" ብሎ ነበር። ታዱ ይህን ሰምታ ተደነቀች፤ ሳ ሞጃ አንድ ሰዓት ማለት ነው፣ አንድ ሰዓቱም እንደኛው የጠዋቱ ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸው በስዋሂሊ ከእኛ ጋር አንድ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሳስተምር አላውቅም ነበር።

ያ ጠዋት ከሕይወቴ ከባዱ ነው። ያለ መድኃኒት አልጋ ላይ መገልበጥ እንኳ አልቻልኩም። ሸሚዜን ታዱ አለበሰችኝ። ሰናይትና ምዋንጊ በሁለት በኩል ይዘው አወረዱኝ። አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። አርባ ደቂቃ አንድ ቦታ ቆየን። መንጋጋዬ እየተጋጨ መናገር አቃተኝ፤ ምራቄ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ምዋንጊ በመስታወቱ ሲያየኝ አፍሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ መሀረብ ወደ ኋላ አቀበለና መሪውን በጣቱ እየመታ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ። ታዱ ዜማውን እንጂ ቃሉን ሳታውቅ አብራው አንጎራጎረች።

ሐኪሟ ካሜራ አቁማ ጣቴን አስከፈተች፣ አስጨበጠች፣ ከወንበር ይነሡ አለችኝ። አልቻልኩም። ሁለተኛም አልቻልኩም። ከዚያ ክኒኑን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠችኝ። በውኃ ብቻ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ የቀኝ እጄ ዝም አለ። የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ሲፍታቱ ተሰማኝ። "ታዱ፣ እስቲ ቦርሳሽን ስጪኝ" አልኳትና ተነሥቼ፣ ቦርሳዋን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ሄጄ ተመለስኩ። ታዱ እልል ልትል ስትል ሰናይት አፏን ያዘቻት።

ሐኪሟ ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን አሳየችን። "ይህ መልካም ዜና ነው" አለች። "መድኃኒቱ አላለቀብዎም። አሁንም በደንብ ይሠራል፤ ችግሩ አሰጣጡ ነው።"

ከዚያ በሽታው እየገፋ ሲሄድ ያሉትን መንገዶች አስረዳችን። መጀመሪያ ክኒኑን አነስ አድርጎ በየሦስት ሰዓቱ መውሰድ፣ ከምግብ በፊት፣ በውኃ። ፕሮቲኑን አለመተው፤ ግን አብዛኛውን ወደ ማታ ማዞር። የክኒኑን ዕድሜ የሚያረዝም አጋዥ ክኒን መጨመር። መወዛወዙ ካልቀነሰ ለእሱም የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለው፤ ስነሣ ማዞር፣ የሌለ ነገር ማየት፣ አንዳንዱም ሰውን ያለ ልማዱ እንደ ቁማር ያለ ነገር ላይ ያጣብቀዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ካየች ታዱ ወዲያው ለሐኪም እንድትናገር አሳሰበቻት። ክኒን የማይበቃበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ፓምፕ አለ፤ በእኛ አገሮች ግን እንደ ልብ አይገኝም።

"ቀዶ ጥገናውስ?" አልኳት።

"ይሆንዎት ይሆናል። ክኒኑ በደንብ ለሚሠራለት ሰው ነው የሚጠቅመው፣ እርስዎም ከእነሱ ነዎት። ግን በሽታውን አያድንም። ከመወሰንዎ በፊት ነገ አንድ ሰው እንዲያገኙ እፈልጋለሁ።"

ሰዓቱን በወረቀት ጻፈችልን፤ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት እያለ በቀን አምስት ጊዜ። ታክሲ ውስጥ ታዱ ወረቀቱን አይታ "ስድስት ሰዓት ነው የሚጀምረው? እስከዚያ እንዴት ይሆናል!" ብላ ጮኸች። የፈረንጅ ሰዓት ነበር። ምዋንጊ በቀይ መብራት ቆሞ በስዋሂሊ ሰዓት ሲነግራት፣ እሷ እኔ እየተረጎምኩላት በእኛው ቁጥር ገልብጣ ጻፈችው፤ የጠዋቱ አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ የማታው አሥራ ሁለት።

ዓርብ

ሐኪሟ የላከችን ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። የእኔ ቢጤዎች በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ተሰብስበው ከአንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ይንቀሳቀሳሉ። ስገባ እኔን የሚመስሉ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች አየሁ። አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዷ ትወዛወዛለች፣ አንዱ በር ላይ ተተክሏል። ማንም ማንንም ትኩር ብሎ አያይም። በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

ባለሙያዋ ወለሉ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር በእርምጃ ልዩነት ለጥፋለች። "አትራመዱ፤ መስመሩን ተሻገሩ" ትላለች። ያ ነው ሚስጥሩ። ደረጃ ለምን እንደማያስቸግረኝ ያን ጊዜ ገባኝ። መስመር በሌለበት ቦታ ከዘራዬን እግሬ ፊት አጋድሜ እንድሻገረው፣ ወይ "አንድ፣ ሁለት" ብዬ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አስተማረችኝ። ታዱም አብራ ተለማመደች። እጄን እየጎተተች ልታስኬደኝ ስትል ባለሙያዋ "አይጎትቱት፤ ይወድቃል። ቆመው ይቁጠሩለት" አለቻት።

በዕረፍት ሰዓት ምዜ ኪፕሮኖ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር አጠገቤ ተቀመጡ። ምዜ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። ከአራት ዓመት በፊት ህንድ ሄደው ቀዶ ጥገናውን አድርገዋል። እጄን ይዘው ደረታቸው ላይ፣ ከአጥንታቸው ሥር፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ነገር አስነኩኝ። ባትሪው ነው፤ ሽቦው በአንገታቸው ቆዳ ሥር አልፎ አንጎላቸው ይገባል።

"ጠቀመዎት?" አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ። አይንቀሳቀስም። "መንቀጥቀጤን ወሰደልኝ። ክኒኔንም በግማሽ ቀነሰልኝ። ድምፄን ግን ይኸው ትሰማለህ" አሉ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነበር፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የምሰማቸው። "ንግግርና ሚዛን እንደማይመልስ ሐኪሞቹ ነግረውኝ ነበር። ጆሮዬ የፈለገውን ብቻ ሰማ። አልጸጸትም፤ ደግሜ ብጠየቅ አደርገዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባትሪው በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ዓመት ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንተ ባለህበት ቅርብ የሚያስተካክል አለ?"

አሰላን አሰብኩ። እዚያ የሚያስተካክል አላውቅም። ታዱ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ይህን ጊዜ ምንም ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት።

ቅዳሜ

ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት "ታዱ! ታዱ!" ብዬ ጮህኩ። ሽንቴ ብርቱካን መስሏል። ሰናይት ፒጃማዋን እንደለበሰች ሮጣ መጣች፤ ታዱ "ኩላሊቱ ነው!" እያለች ደረቷን መታች። ሰናይት ለሐኪሟ ስትደውል ከስልኩ ሳቅ ተሰማ። አጋዥ ክኒኑ የሽንት ቀለም ይቀይራል፤ ሐሙስ ነግራኝ ነበር። የተማሪዎቼን ስም ሠላሳ ዓመት ያስታወሰ ጭንቅላት ይህን ረስቶታል።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ የሰላም ቀን ነበር። አምስቱንም ክኒኖች በሰዓታቸው፣ በውኃ ዋጥኩ። ምሳ ጎመን፣ ድንችና ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣቸውን በላሁ፤ ሥጋው ለማታ ተቀመጠልኝ። ስድስት ሰዓት ገደማ ትንሽ አዞረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግን አልደረቅሁም። ሰናይት ከሥራ ስትመጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ቦርሳዋን ጥላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ወደ ማታ ናትናኤል ደወለ።

"አባዬ፣ ህንዱን ቀጠሮ ልያዝ?"

"ቆይ" አልኩት። "በሩ አልተዘጋም። ሐኪሟ ይሆንዎት ይሆናል ብላኛለች። ግን መጀመሪያ ይህን ልሞክር። ዓመት ሲሞላ እናየዋለን።"

"ፈርተህ ነው?"

"ፈርቼም ነው። ሆኖም ዛሬ በሩን ራሴ ከፍቻለሁ።"

አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። "እሺ አባዬ" አለ። "እማዬን ስጠኝ።"

እሁድ

ሰናይት ኤርፖርት ድረስ ሸኘችን። ታዱ ለምዋንጊ የቀረውን ጩኮ በሙሉ ሰጠችው፤ አንድ ጊዜ ቀምሶ "ይህ ምንድን ነው?" እያለ እዚያው ጨረሰው። በፍተሻው በር ላይ ቆምኩ፤ ከዘራዬን አጋደምኩ፤ ተሻገርኩ። ፈታሿ ከዘራውን አንሥታ ሰጠችኝ።

ይህን የምጽፈው በኅዳር፣ ከተመለስን አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው። አልዳንኩም፤ በሽታዬ የሚድን አይደለም። አሁንም ጠዋት ጠዋት እደርቃለሁ፤ ክፉ ቀንም አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሜ የናይሮቢዋን ደብዳቤ አይቶ በሐሳቧ ተስማምቷል፤ እሱም አንዱን ክኒን አስተካክሎልኛል። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ የሚቀያይር ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ የእኔ ሰዓት የእኔ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ገበያ ላይ አገኘኝ። ቆሜ ሲያየኝ ደንግጦ "ቲቸር፣ አባቴም እንደ እርስዎ ነው። ክኒን ታዞለታል፤ ከቤት ግን ሦስት ዓመት አልወጣም" አለኝ። በማግሥቱ ታዱና እኔ በጋሪ ሄድን። አባትየው ኦቦ ገመዳ ረጅም ገበሬ ናቸው፤ ጎጆአቸው በር ላይ ቆመው እግራቸው ተተክሏል። ጎረቤቱ ልክፍት ነው ይላል። ሚስታቸውና ልጃቸው በሁለት እጃቸው ይጎትቷቸዋል።

ታዱ "ልቀቋቸው" አለች። ለቀቋቸው። ከዘራዬን ደፉ ላይ፣ ከእግራቸው ፊት አጋደምኩ።

"ኦቦ ገመዳ፣ አይራመዱ። እንጨቱን ብቻ ይሻገሩ" አልኳቸው።

ዝቅ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ታዱ "አንድ፣ ሁለት" አለች። ቀኝ እግራቸው ተነሣ። ተሻገረ። ግራውም ተከተለ። ደጅ ወጡ። ፀሐዩ ዓይናቸውን ስለወጋው በመዳፋቸው ከለሉት፤ ከዚያ ከጓሮው ጀምሮ እስከ ኮረብታው ድረስ የተዘረጋውን ማሳ አዩ።

"ገብሱ እንዲህ ደርሶ ነው ያልነገራችሁኝ?" ብለው ልጃቸውን ተቆጡና ወደ ማሳው አቀኑ።